በፍስክ የሚራብ ሰው፦ ሥጋ በሚበላ ቤት ያለ ሥጋ ጠግቦ ስለ መብላት

(በደብረ ብርሃን ለወላጆችና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ ወጥ የሚወራ ንግግር ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ያስመሰግናችኋል።

በጥያቄ ልጀምር። በእኛ አገር ሥጋ የማይበላ ሰው በዓመት ውስጥ አብልጦ የሚራበው መቼ ይመስላችኋል? አብዛኛው ሰው «በዐቢይ ጾም» ይላል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ማጀቱ የእሱ ነው፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉ፣ ስልጆው ሁሉ ለእሱ የተሠራ ይመስላል። የሚራበው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምባቸው በእነዚያ ሳምንታት የሽሮው ድስት ታጥቦ ይቀመጣል፤ «ሁለት ወር ሙሉ የበላነውን ደግሞ ማን ያየዋል» ተብሎ ምስሩ በጆንያው ይረሳል። ቤቱ ሁሉ ሲፈስክ አንድ ሰው ከዶሮ ወጡ ላይ ሥጋው ተነሥቶለት በመረቁ ይፈተፍታል፤ ወይም ከሰላጣው ጋር ደረቅ እንጀራ ይቀርብለታል። ቤተሰቡም በደለው ማለት አይደለም፤ ስለ እሱ ያሰበ ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

ይህ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሥጋ ቀንስ ያለው አባወራ ሊሆን ይችላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ «ሥጋ ትቻለሁ» ያለ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሥጋ ሽታ የማይስማማት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ምክንያቱን እዚህ አንከራከርበትም። እኔ ባልትና የማስተምር ሰው ነኝ፤ ማንንም ሥጋ ላስተው አልመጣሁም። በቤቴ ባለቤቴና ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ቁርጥ ካዩ ሌላ የማያዩ ናቸው፤ ሴት ልጄ ግን አትበላም። ሥጋ መተዋን በተናገረች ሰሞን የባለቤቴ እናት «ልጄን ማን አስቀይሟት ነው?» ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ ፊታችንን ሲያጠኑ ሰነበቱ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ልትመነኩስ ነው እንዴ?» ብላ በቡና ላይ ጠየቀች። ልጄ አልመነኮሰችም፤ ማንም አላስቀየማትም፤ ሥጋ አትበላም፣ በቃ።

እዚህ ላይ የመጣሁበትን ዋና ነገር ልናገር። «እኛ እኮ ጾመኞች ነን፤ ሥጋ የሌለው ምግብ መሥራት ማን ያስተምረናል?» እንላለን። እውነት ነው፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ይህን ያህል ዓይነት ወጥ የሚያውቅ ማጀት ብዙ አይገኝም። ነገር ግን የጾም ወጥ ሲሠራ በልብ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፦ «ይህም ያልፋል።» ጾም ሰውነትን ለመግራት ነው፤ ወጡ ቢቀጥን፣ አንድ ዓይነት ወጥ ሳምንት ቢደጋገም፣ ፋሲካ ሲመጣ ይካሳል ተብሎ ይታለፋል። ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥጋ ለሚኖር ሰው ግን የሚክሰው ፋሲካ የለም። የሚበላው የዛሬውን ነው። ስለዚህ ወጡ ያው የጾም ወጥ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑና አሠራሩ ግን መለወጥ አለበት።

በምሳሌ ላሳይ፤ ሽሮን ልውሰድ። በአንድ ቤት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይጣድና 100 ግራም ያህል የሽሮ ዱቄት ይበተንበታል እንበል። ለአምስት ሰው ፈሰስ ያለ፣ የሚጣፍጥ ሽሮ ይወጣዋል። ለአንድ ሰው የደረሰው ዱቄት ግን 20 ግራም ነው። የሽሮ ዱቄት ከመቶው ከ20 ብዙም ያልራቀ ፕሮቲን ስላለው በዚያ ሳህን ላይ ያለው ፕሮቲን አራት ግራም አካባቢ ነው። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ሰው በቀን 48 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። እንጀራውም ድርሻ አለው፤ መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 11 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው የእንጀራው አስተዋጽኦ የሚናቅ አይደለም። ወጡ ግን ውሃ ነው። አሁን በዚያው ቤት ለአንድ ሰው 70 ግራም ደረቅ ምስር ታስቦ ወፈር ያለ ወጥ ቢሠራ 17 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ይህ 65 ግራም ገደማ የበሰለ ቀይ ሥጋ ከሚሰጠው ጋር ይተካከላል። ልጃችሁ ሥጋ ባለመብላቷ ከምትጨነቁ ሽሮዋ በመቅጠኑ ተጨነቁ። ተጋቢኖ ሲሆን ዱቄቱ ስለሚበዛ ነገሩ ይሻላል፤ ሁልጊዜ ተጋቢኖ ለመሥራት ግን ዱቄቱም ኪሱም ይጠይቃል፤ ይገባኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። ሠራተኛ እናት ከሥራ ገብታ ሁለት ዓይነት ወጥ ከየት አምጥታ ትሠራለች? መልሱ በቁሌቱ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እሑድ ለሥጋ ወጥ ሽንኩርት ስትከትፉ እንደ ወትሮው አትከትፉ፤ ጨምሩበት። ቀዩ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ይቁላላ፤ ውሃው መጦ መጣበቅ ሲጀምር ዘይት ይግባበት። በርበሬው ሲገባ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምራችሁ በለሰለሰ እሳት ተዉት። የበርበሬው ጥሬ ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ቁሌቱ ደርሷል። ድስቱን የምትከፍሉት በዚህ ሰዓት ነው፤ ሥጋውም ቅቤውም ከመግባቱ በፊት። ግማሹን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቀድማችሁ የቀቀላችሁትን ድፍን ምስር ወይም ሽምብራ ጨምሩበት፤ በሌላኛው የሥጋውን ሥራ ቀጥሉ። ኮረሪማውና መከለሻው ለሁለቱም መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል። ልጃችሁ ቅቤ የምትበላ ከሆነ ለእርሷም ድስት ትንሽ ጠብ አድርጉ፤ ወጡ ለረቡዕ ይተርፋል ብላችሁ ካሰባችሁ ግን በዘይቱ ይቅር። የከተፋችሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያቁላላችሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ገበታው ላይ ግን ሁለት ወጥ አለ። የዶሮ ወጥ ጣዕም አብዛኛው ከቁሌቱ እንጂ ከዶሮዋ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲቀምስ አይከፋም። ወንዶቹ ልጆቼ ከእህታቸው ድስት እየጨለፉ ሲያስቸግሩኝ ስላየሁ፣ አሁን የሽምብራውን ወጥ ከሥጋው አብልጬ እሠራለሁ።

ለፋሲካ ሲሆን ደግሞ ዝም ብሎ ምስር ማቅረብ አይገባም፤ ዓውደ ዓመት ነውና። ከዚያው ቁሌት እንቁላል ወጥ ይሠራል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ እንቁላሉንም በቢላ ጫር ጫር ማድረግ ወጡ እንዲገባበት ያደርጋል። እንቁላል ለማይበላ ሰው የሽምብራ ዓሣ አለ። የሽምብራ ዱቄት በጨውና በጥቂት ዘይት ጠንከር አድርጎ ለውሶ፣ ዳምጦ፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጦ፣ ጠብሶ ቁሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ ለጾም እንግዳ የሚሠራ ትልቅ ወጥ ነበር፤ አሁን አሁን ጉልበት ይፈጃል ተብሎ ተትቷል። በፋሲካ ዕለት ለአንድ ሰው ቢሠራ ያ ሰው በቤቱ እንግዳ አለመሆኑን ያውቃል።

አሁን ስለ ደጋችን ልናገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ አይደለም፤ በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። መንዝ ወይም ጣርማ በር ላይ ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ባለ ሙቀት ታፈላላችሁ። «ባቄላው አልበስል አለኝ፤ እህሉ ከፍቶ ነው» የሚሉ እናቶች አሉ። እህሉ አልከፋም፤ ውሃው አልጋለም። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ያንኑ ባቄላ የቀቀለ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ስለዚህ በደጋ ጥራጥሬን ማታ መዘፍዘፍ የግድ ነው። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፤ ሆድ የሚነፋውን ነገር ከፊሉን ይዞ ይሄዳል። ቲማቲምና ሎሚ ፍሬው ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ፍሬው ቶሎ አይለሰልስም። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ለደጋ ሰው ቅንጦት አይደለም፤ ውሃውን ከመቶ ዲግሪ በላይ ስለሚያሞቀው ከፍታችንን ያካክሳል፤ የከሰል ዋጋ በጨመረበት ዘመን ደግሞ ወጪውን ይመልሳል።

ባቄላ ካነሣን፣ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የማይቀምስ ማን አለ? ባቄላ ክክና ስንዴ አብረው ይቀቀላሉ። ይህን የጀመሩት አባቶች የአሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች፣ ሠንጠረዥ አልነበራቸውም፤ ያገኙት ግን ዛሬ በምግብ ሳይንስ መማሪያ ከምናስተምረው አይለይም። እህል፣ ማለትም ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ግን ይህን በብዛት አለው። ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን የሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ እህል ያሟላለታል። ሁለቱን በአንድ ማዕድ ወይም በአንድ ቀን የበላ ሰው ፕሮቲኑ የተሟላ ነው። ንፍሮ ስንዴና ሽምብራ ሲሆን ይኸው ነው። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ በመኪናው መስኮት የሚሸጥላችሁ የገብስ ቆሎም ሽምብራና ሱፍ ሲገባበት ያው ነው። ለተማሪ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ከብስኩት ይልቅ ይህ ቢገባ የተሻለ ነው፤ ሱፉ ደግሞ ስብና ጉልበት ይጨምራል።

ስለ አትክልት አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳት ስላየሁ። ሥጋ አልበላም ያለ ሰው ሲመጣ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በአልጫ ይሠራለታል፤ ከተማ ከሆነ እንጉዳይ ይጠበስለታል። ጥሩ ናቸው፤ ሆድ ይሞላሉ፤ እንጉዳይ ደግሞ ጣዕሙ ሥጋ ሥጋ ይላል። ግን መቶ ግራም እንጉዳይ ሦስት ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው ያለው። ሥጋን በእንጉዳይ ወይም በድንች የተካ ሰው ጣዕሙን ተክቷል እንጂ ምግቡን አልተካም። አትክልቱ ከጥራጥሬው ጎን ይሁን፤ በጥራጥሬው ቦታ አይቀመጥ።

ስለ ደም ማነስ የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው፤ በተለይ ስለ ሴት ልጆች። ምስርም፣ ጤፍም፣ ጎመንም ብረት አላቸው። ችግሩ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት በሰውነት ውስጥ ከሥጋው ብረት ባነሰ መጠን ነው የሚመጠጠው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን መቡካቱ እዚህ ላይ ይረዳናል፤ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር እርሾው ይቀንሰዋል። ሎሚ በጎመን ላይ መጭመቅ፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም አብሮ መብላት ቫይታሚን ሲ ስለሚሰጥ የሚመጠጠውን ብረት ከፍ ያደርገዋል። የሚጎዳን ቡናው ነው። እጅ ሳይታጠብ ቡናው ይቆላል፤ ሳህኑ ሳይነሣ አቦሉ ይቀዳል። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ብረቱን ይሻማል። ሻይም እንዲሁ ነው። ቡና አትጠጡ ብል ከዚህ አዳራሽ በሰላም አልወጣም፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት አቆዩት ነው የምለው። 

በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ብቻ የማይዘለቅ አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። ይህ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ነው፤ በጥራጥሬም፣ በጎመንም፣ በጤፍም እንደ ልብ አይገኝም፤ ምንጩ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። ልጃችሁ በፍስክ ወተትና እንቁላል የምትወስድ ከሆነ ከአንድ ብርጭቆ ወተት አንድ ማይክሮግራም ያህል፣ ከአንድ እንቁላል ግማሽ ያህል ታገኛለች፤ ነገሩ ይዘለቃል። ወተትና እንቁላልንም ጨርሶ የተወ ሰው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ እንክብል መጠየቅ አለበት። ሰውነት የነበረውን ለዓመታት ስለሚቆጥብ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፤ እጅ እግር መደንዘዝ ሲጀምር ግን ቆይቷል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕፃን ከሆኑ ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ እዚህ ውስጥ መግባት አይገባም።

ወደ ቆላው ልውረድ። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ያላችሁ፣ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ታመርታላችሁ። ታመርታላችሁ እንጂ አትበሉም፤ ተሰብስቦ በኩንታል ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ከዚያም ባሕር ይሻገራል። ማሾ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ሳይዘፈዘፍም ቶሎ ይበስላል፤ ፕሮቲኑ ከምስር ብዙም አይርቅም። በዚያው በይፋት ቆላ የሚኖሩ ሙስሊም እህቶቻችን ቤት ጾሙ ከሥጋ መከልከልን ስለማይጨምር «ያለ ሥጋ» የሚባል የተለየ የወጥ ቀን የለም፤ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሥጋ የማይበላ ልጅ ሲነሣ ማጀቱ ከእኛ ይልቅ ሊቸገር ይችላል። ለእነሱ ማሾውን ከማሽላ እንጀራ ጋር ማሰብ ይቀላል፤ ከጓሮ የመጣ ነውና። ከመሸጥ በፊት አንድ ቁና ለቤት አስቀሩ።

ስለ ጭልፋ ደግሞ ልናገር። በጾም ቀን በድስት ላይ ያለን ጥንቃቄ ታውቁታላችሁ። የፍስኩ ጭልፋ ወደ ጾሙ ድስት ቢገባ ወጡ ተደፍቶ እንደገና ይሠራል። ያው ሰው በፍስክ ጊዜ የሥጋውን ማማሰያ አውጥቶ ወደ ምስሩ ይከታል፤ ልጅቷ ስታይ «ምን አለበት፣ ትንሽ ናት» ይላል። ለእግዚአብሔር የምናደርገውን ጥንቃቄ ለልጃችንም እንድናደርግ መጠየቅ ብዙ አይመስለኝም። ጭልፋ መለየት ስለምናውቅበት አዲስ ትምህርት አያስፈልገንም።

ሥጋ ለማይበሉት ወጣቶችም የምለው አለኝ። ሰው ቤት ተጠርታችሁ ገበታ ከቀረበ በኋላ «አልበላም» ማለት በሸዋ ስድብ ነው፤ የቤቱ እመቤት ያሳረደችው ለእናንተ ነው። አስቀድማችሁ ንገሩ፤ «እትዬ፣ እኔ ሥጋ አይስማማኝም፤ ሽሮ ካለ ይበቃኛል» በሉ። በገዛ ቤታችሁም ሌሎቹ ሲቆርጡ አፍንጫ መያዝ፣ ስለ እንስሳት ስብከት መጀመር ጥሩ አይደለም። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ «ሥጋ በሊታ ነን» የምንል ብዙዎቻችን ሥጋ የምንበላው ቅርጫ የገባን ዕለትና በዓውደ ዓመት ነው። የቀረው ዓመት ሁላችንም በሽሮ ነው የምንኖረው። ስለዚህ ወጡን ማወፈር የአንዲት ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ንግግሬን ስጨርስ ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር፤ ለብዙዎች ስለሚጠቅም እዚህ ልጻፈው። አንዲት እናት «ከገበያ የምገዛው ሽሮ ውስጥ ጓያ እንዳለ እንዴት አውቃለሁ?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጓያ በድርቅ የማይሸነፍ፣ ርካሽ እህል ነው፤ ለዚያም ነው ሽሮ ላይ የሚቀላቀለው። ለወራት ያህል ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደም አይመለስም። ጥቂት በጥቂት ከሌላ እህል ጋር የበላ ሰው ብዙ አያሰጋውም፤ ሥጋ የማይበላ ሰው ግን ከሌሎቹ አብልጦ በሽሮ ላይ ስለሚኖር ጥንቃቄው ለእሱ ይበልጣል። ዱቄት ከሆነ በኋላ በዓይን አይለይም፤ በጣዕምም አይታመንም። ያለው መንገድ ሽምብራውን፣ አተሩንና ባቄላውን በፍሬው መግዛት ነው። ጓያ እንደ አተር ክብ አይደለም፤ ፍሬው ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ከጎን የተጠረበ የሚመስል ነው። በሰፌድ አበጥራችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁና ከክታችሁ ከነቅመሙ ራሳችሁ ወፍጮ ቤት አስፈጩት። ወፍጮ ቤት ስትሄዱም ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ።